ሳህን ላይ የበቀለ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም

በተክል የፈንገስ በሽታ ምርምር ላይ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፣

በዚህ ሙያ ብዙው ስህተት የሚፈጠረው ገና ከመነሻው ነው፤ ማሳ ላይ ናሙና ሲቆረጥና ላብራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያው የፈንገስ ማሳደጊያ ሳህን ሲከፈት። የዲኤንኤ ንባቡ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ የተነበበው ፈንገስ በሽታውን ያላመጣው ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ስለ ምላጩ፣ ስለ በረኪናውና ስለ ማነጻጸሪያው ተክል ልጽፍላችሁ ወደድኩ፤ ስለ ውድ ውዱ መሣሪያ የሚነግራችሁ አታጡም።

ከሞተ ተክል ናሙና አትውሰዱ። ተክሉ ከደረቀ በኋላ በሽታ አምጪው በበድን በሚኖሩ ሻጋታዎች ተውጦ ታገኙታላችሁ። ገና መጠውለግ የጀመረውን፣ ቅጠሉ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ያወጣውን ፈልጉ። ሥር የምትመረምሩ ከሆነ ተክሉን ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ የበሰበሱት ቀጫጭን ሥሮች አፈር ውስጥ ተቆርጠው ይቀሩና እጃችሁ ላይ ጤነኛው ብቻ ይመጣል። በአካፋ ከነአፈሩ አንሱት። ቅጠል በወረቀት ከረጢት ይያዝ፤ ላስቲክ ውስጥ ካላበው ላብራቶሪ እስኪደርስ ሌላ ሻጋታ ይለብሳል። ከዚያው ማሳ ጤነኛ ተክልም አብራችሁ ውሰዱ፣ ያለ እሱ የምታወዳድሩት ነገር የላችሁም። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ማሳውን ከዳር ሆናችሁ እዩት። ጉዳቱ የመርጫውን መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ከሄደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፀረ አረም ነው። ውሃ የሚተኛበትን ዝቅተኛ ቦታ ከያዘ የሥር አበስባሽ ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ሳህኑ። የድንች አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) አዘገጃጀቱ የታወቀ ነው፦ የ200 ግራም ድንች ቅቅል ውሃ፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ፣ ከ15 እስከ 20 ግራም አጋር፣ ሁሉም በ1 ሊትር፤ ከዚያ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከን)። ችግሩ የሚመጣው ወደ ሳህን ሲገለበጥ ነው። 50 ዲግሪ ገደማ ሳይቀዘቅዝ ከተገለበጠ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ ጠብታው ወርዶ ስፖሮችን (የፈንገስ ዘር መሰል ቅንጣቶችን) ከአንዱ የተክል ቁራጭ ወደ ሌላው ያጥባል፣ እናንተም አራት ቦታ የበቀለ አንድ ፈንገስ አገኘሁ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ባክቴሪያ ለመግታት ስትሬፕቶማይሲን የምትጨምሩ ከሆነ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ላክቲክ አሲድም እንዲሁ በኋላ ነው የሚገባው፤ አሲድ ውስጥ የተቀቀለ አጋር አይረጋም።

ቁራጩ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሁን፣ የታመመውና ጤነኛው ከሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የተቆረጠ። በሽታ አምጪው እየገፋ ያለው እዚያ ነው፤ መሃሉን ዘግይተው የመጡት ይዘውታል። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ 1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውስጥ ለስስ ቅጠል ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ ለወፍራም ሥር እስከ 3 ደቂቃ። የበረኪናው ጠርሙስ 5 በመቶ ካለ፣ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ የምትፈልጉትን ይሰጣችኋል፤ ከከረመ ጠርሙስ ግን አትቅዱ፣ ኃይሉ ይደክማል። ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በመጨረሻም ቁራጩን በተመከነ ወረቀት ላይ አድርቁ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ እርጥብ ቁራጭ አጋሩ ላይ ባክቴሪያ ያፈሳል። ማጽዳቱ መሥራቱን ለማወቅ ከመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ጥቂት ጠብታ ሌላ ሳህን ላይ አፍስሱ፤ እዚያ አንዳች ከበቀለ ሌላው ሳህን አይታመንም።

በ25 ዲግሪ ባስቀመጣችሁ በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ሸፍኖ የሚጠብቃችሁ አረንጓዴ ትሪኮደርማ (የተለመደ የአፈር ሻጋታ) ከሆነ አትደሰቱ። ፈጥኖ ማደግና ገዳይነት ምንም ዝምድና የላቸውም። ቀስ ብሎ የሚወጣውን ዳር ዳሩን ፈልጉና ሌላው ሳይደርስበት የሃይፋውን (የፈንገሱን ክር) ጫፍ ቆርጣችሁ አውጡት። ከዚያ ከነጠላ ስፖር አሳድጉት፦ ስፖሩን በውሃ አቅጥናችሁ 2 በመቶ የውሃ አጋር ላይ ዘርጉ፣ በማግስቱ በማይክሮስኮፕ አንድ የበቀለ ስፖር ለይታችሁ በመርፌ አንሱ። ሳህን ከፍቶ ማሽተትንም ተዉ፤ በእኛ ሙያ የተለመደ ክፉ አመል ነው።

ሳህን ላይ ጨርሶ የማይወጡ አሉ። ዋግ በተለመደው አጋር ላይ አያድግም፤ ሕያው ተክል ይፈልጋል። የስንዴ ግንድ ዋግን ወደ ተክል ስታጋቡ ስፖሩን የአንድ ሳምንት ቡቃያ ላይ ርጩ፣ በ18 ዲግሪ ገደማ በጨለማና በጤዛ አሳድሩት፣ ከዚያ ጤዛው ሳይደርቅ ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ስጡት። ይህን ብርሃን የነፈገ ሰው ስፖሩ በቅሎ ሳለ ቅጠሉ ውስጥ ሳይገባ ይቀርበታል፤ ከዚያ ዝርያው ተቋቋመ ብሎ ይጽፋል። ስፖሩ ከጥልቅ ማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ቱቦውን ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ተኝቶ ይቀራል።

ፋይቶፍቶራና ፒቲየም የተባሉት በሽታ አምጪዎች ደግሞ መልካቸው ፈንገስ ይምሰል እንጂ እውነተኛ ፈንገስ አይደሉም። ልዩነቱ የመማሪያ ክፍል ወሬ እንዳይመስላችሁ፦ አዞል የተባሉት ፀረ ፈንገስ ኬሚካሎች የሚገድሉት ኤርጎስቴሮል (የፈንገስ ሕዋስ ሽፋን የሚያስፈልገው ቅባት) እንዳይሠራ በማድረግ ነው፣ እነዚህ ደግሞ ኤርጎስቴሮል አይሠሩም። በሽታውን በስህተት የለየ ሰው ገበሬውን የማይሠራ መድኃኒት ያስገዛዋል።

የኮክን መመዘኛዎች (አንድ ተሕዋስ በሽታውን ማምጣቱን የማረጋገጫ ደረጃዎች) ሁላችሁም በቃል ትወጧቸዋላችሁ፤ ሥራው ላይ ግን ሁለቱ ይዘለላሉ። አንደኛው ማነጻጸሪያው ነው። ያልተበከለው ተክል ከስፖሩ በስተቀር ሌላው ሁሉ እኩል ሊደርሰው ይገባል፦ ያው ውሃ፣ ያው ትዊን 20 (ከስፖሩ ውሃ ጋር የሚደባለቅ ሳሙና መሰል ፈሳሽ)፣ ቁስል ካለም ያው ቁስል። በተለይ ቁስል በራሱ ለደካማ ፈንገስ በር ከፋች ነው። ሁለተኛው ፈንገሱን ከታመመው ተክል መልሶ ማውጣት ነው፤ ያለ እሱ ተክሉን ያሳመመው የረጫችሁት መሆኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ላይ ይህ ፈተና ግዴታ ነው፤ በዚያው ስም የሚጠሩ፣ በመልክም የማይለዩ፣ ሥር ውስጥ ምንም ሳይጎዱ የሚኖሩ ብዙ አሉና። አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍልም ለፉዛሪየም ዝርያዎች በቂ መለያ አይሆንም፤ ቲኢኤፍ1 የተባለውን ጂን ጨምሩ።

ስፖር ስትቆጥሩ በሄሞሳይቶሜትሩ (በማይክሮስኮፕ ሥር የሚደረግ ባለካሬ መቁጠሪያ መስታወት) ትልቁ ካሬ አማካይ 40 ካገኛችሁ፣ በ10,000 ሲባዛ በ1 ሚሊ ሊትር 400,000 ነው። 100,000 ከፈለጋችሁ አንዱን እጅ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥኑ። በጣም የበዛ ስፖር ተቋቋሚውንም ተክል ሊያሳምም ስለሚችል ብዙ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። ከመርጨታችሁ በፊትም ስንቱ እንደሚበቅል እዩ፤ የሞተ ስፖርም ይቆጠራል።

ማሳ ላይ በሽታን አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ። በየ7 ወይም በየ10 ቀኑ የተወሰደ ንባብ ቀስ ብሎ የሚታመመውን ዝርያ ያሳያችኋል፤ በመጨረሻው ቀን ብቻ ከታየ ሁሉም የታመመ ይመስላል። ይህ ቀስ ብሎ መታመም በአንድ ጂን ላይ ከቆመ ሙሉ ተቋቋሚነት ይልቅ ብዙ ጊዜ ዕድሜው ይረዝማል። ኤስአር31 የተባለው የስንዴ ጂን በዓለም ዙሪያ በብዙ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ ለዓመታት የግንድ ዋግን ሲመክት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የሚሰብረው ዋግ ታየ፤ በማግስቱ ዓመት ተለይቶ ዩጂ99 ተባለ። ከዚህ በኋላ አንድ ጂን ብቻውን ይበቃናል የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ብዙ ጥያቄ ጠይቁት።

የቀረው ማከማቸት ነው። ፈንገስን ከሳህን ወደ ሳህን ደጋግማችሁ አታዛውሩ፤ ስፖር መስጠቱን ይቀንሳል፣ ተክል የማሳመም ኃይሉንም ያጣል። እንዳጠራችሁት ወዲያው ከ15 እስከ 20 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ በዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ። ጥልቅ ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ ስፖር በሚሰጡት ላይ ፈንገሱ ያደገበትን የማጣሪያ ወረቀት አድርቆ በዜሮ በታች 20 ዲግሪ ማኖር፣ ወይም የአጋር ቁራጩን በተመከነ ውሃ ውስጥ መክተት ይሠራል። ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣ ይበላሻል፣ መብራትም ይጠፋል። ቱቦው ላይ የተክሉ ዓይነት፣ ቦታው፣ ቀኑና ስንተኛ ዝውውር እንደሆነ ይጻፍ። ቁጥሩን በእርሳስ ጽፋችሁ ትንሽ ወረቀት ላይ ከቱቦው ጋር አያይዙ፤ የማርከር ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል።