ቦርጭ፣ ብግነትና ስኳር፦ የጅማ ልጆች ጠይቃችሁ የመለስኩት

የቦርጭ ስብ ብግነትን (የበሽታ መከላከያችን የሚያስነሳውን የሰውነት መቆጣት) ይቀሰቅሳል፣ ይህም ወደ ስኳር በሽታ ይወስዳል ብለን ካወራን ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ያስተማሩኝንና በየቀኑ የምሠራበትን ነገር ስለነካችሁልኝ ደስ ብሎኛል። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ስብ የተከማቸ ምግብ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከበሽታ መከላከያ ጋር ምን አገናኘው? (ከሄርማታ)

ለረጅም ዘመን ሳይንሱም እንዲያ ነበር የሚያስበው። በ1993 እ.ኤ.አ. ግን ሆታሚስሊጊልና ስፒግልማን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የወፈሩ አይጦች ስብ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል እንደሚያመነጭ አሳዩ። ይህ ሞለኪውል የበሽታ መከላከያችን ኢንፌክሽን ሲገጥመው የሚጠቀምበት ነው። ተመራማሪዎቹ ሲያግዱት የአይጦቹ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ህዋስ የሚያስገባው ሆርሞን) የተሻለ ሠራ። በዓመቱ ሌፕቲን የተባለ ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስብን እንደ አንድ እጢ ነው የምናየው።

ብግነት ካለ ለምን አያመኝም? ቁስል ሲያብጥ ያማል እኮ። (የባጃጅ ሹፌር)

ልክ ነህ ወንድሜ፣ የቁስሉ ያማል። የስቡ ግን ዝቅተኛ ሆኖ ለዓመታት የሚቆይ ነው፤ ትኩሳትም ሕመምም የለውም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ሂደቱ እንዴት ይጀምራል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ይቺን ጥያቄ ወድጃታለሁ። የስብ ህዋስ ትርፍ ምግብ ሲገባበት ያብጣል። በጣም ሲያብጥ በቂ ኦክስጅን አይደርሰውም፤ አንዳንዱም ይሞታል። የተጨነቀው ህዋስ ኤምሲፒ-1 የተባለ የጥሪ ሞለኪውል ይለቃል። ጥሪውን ተከትለው ከደም የመጡ ነጭ ህዋሳት ስቡ ውስጥ ገብተው ማክሮፌጅ (የሞተ ህዋስና ጀርም የሚበላ ህዋስ) ይሆናሉ። በማይክሮስኮፕ ስታይው፣ ጎረቤት ጀበናን ከቦ እንደሚቀመጥ የሞተውን የስብ ህዋስ ዙሪያውን ከበውት ታገኛለህ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በቀጭን ሰውነት ስብ ውስጥ ማክሮፌጅ ከህዋሳቱ 10 በመቶ የማይሞላ ሲሆን፣ በወፈረ ሰውነት ወደ 40 በመቶ ሊጠጋ ይችላል።

እነዚህ ማክሮፌጆች ቲኤንኤፍ አልፋ፣ ኢንተርሉኪን-1 ቤታና ኢንተርሉኪን-6 ይለቃሉ። መልእክቶቹ ህዋሱ ውስጥ ገብተው የኢንሱሊንን ትእዛዝ መሃል ላይ ያቋርጡታል። ኢንሱሊን በሩን ያንኳኳል፣ ስኳሩ ግን እንደ ወትሮው አይገባም። በዚያ ላይ ኢንሱሊንን የሚያግዘው አዲፖኔክቲን ይቀንሳል። ኢንተርሉኪን-6 ደግሞ ጉበትን ሲአርፒ የተባለ የብግነት ምልክት የሆነ ፕሮቲን እንዲያመርት ያዘዋል፤ በደም ምርመራ የምናየው እሱን ነው።

የሆድ ስብ ከዳሌ ስብ ይለያል? (ከቆጪ)

አዎ፣ በጣም። አንጀት አካባቢ ያለው ስብ የሚለቀው ነገር በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይንገርሽ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትር እና ከዚያ በላይ ወገብ ካለ መመርመር ይገባል።

ታዲያ ብግነት ማጥፊያ መድኃኒት ለምን አትሰጡንም? እናቴ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ትወስዳለች።

ተሞክሯል። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ፣ ከ10,000 በላይ የልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ኢንተርሉኪን-1 ቤታን የሚያግድ መርፌ ሰጠ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ቀነሰ፤ አዲስ የስኳር በሽታን ግን አልከላከለም። በኢንፌክሽን የሚሞቱም በዙ። እነዚህ ሞለኪውሎች ስቡን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይጠብቁናልና። እናትህ ዳይክሎፌናክን ለዚህ ብላ የምትወስድ ከሆነ እባክህ ሐኪም ያውቀው። ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊት ጥሩ አይደለም።

የጅማ ማርስ ብግነቱን አያጠፋም?

ማራችን ግሩም ነው። ግን ስኳር ነው።

ስፖርት ኢንተርሉኪን-6ን ይጨምራል ሲሉ ሰማሁ። አይጎዳም?

የሚሠራ ጡንቻ ለአጭር ጊዜ ይለቀዋል፤ ወዲያው ብግነት አብራጁ ኢንተርሉኪን-10 ይከተላል። ከስብ ቀን ከሌት ከሚንጠባጠበው ጋር አንድ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡ ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። 7 በመቶ መቀነስ 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ከ300 ግራም ማለት ነው። ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገት በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት፣ ከበቂ በላይ ነው። ጉልበትህን የሚያምህ ከሆነ ሜዳውን ያዝ።