ቤት ሲነቃነቅ መውጣት እምነት ማጣት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በአፋር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ የምንኖርበትን ኮንዶሚኒየም ሲያነቃንቀው ጎረቤቶቼ ሁሉ ወጡ። እኔ መውጣቱ ክህደት መስሎኝ መዝሙር 90ን እየደገምሁ ቀረሁ። አንዳንዶች ደግሞ «በዚያ አገር ሰዎች ኃጢአት የመጣ ቁጣ ነው» ይላሉ። ደንግጬ ውኃ በመጠጣቴም ጠዋት ልቀበለው ካሰብሁት ቅዱስ ቁርባን ቀረሁ። በደል ይሆንብኛልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ መዝሙሩን መድገምሽ መልካም ነው። ነገር ግን ሰይጣን ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ሲፈትነው የጠቀሰለት ይህንኑ መዝሙር ነበር። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት (ማቴ. 4፥7)። ስለዚህ ምድር ስትናወጥ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተጠለዪ፤ በደረጃ አትሩጪ፣ አሳንሰርም አትያዢ። ሲቆም ውጪ፤ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶም ራቂ። መዝሙር 90 ሜዳ ላይም ይደገማል።

ከአንቺ ፍርሃት ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የእነዚያ ሰዎች ንግግር ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች በሞቱ ጊዜ ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። «ንስሐ ባትገቡ» ያለውም ለሟቾቹ ሳይሆን ቆመው ለሚሰሙት ነው። ይህን ክፍል የሚጠቅሱ ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ፈጥነው ያልፋሉ።

ያ የአፋር ምድር ስምጥ ሸለቆ ነው። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የቀለጠ ዓለት ከሥር እየሰነጠቀ ሲገባ መሬቱ ይናጣል። በ1961 ዓ.ም. በዚያው በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በዛሬው አማራ ክልል ካራ ቆሬና ማጀቴ በርዕደ መሬት ቤት ሲፈርስ ግን የማን ኃጢአት ተቆጠረ? ማጀቴ እኮ ቤተ ክርስቲያን ያላት አገር ናት። ፍጥረትን በሥርዓት ያቆመ እግዚአብሔር መሆኑን እናምናለን፤ የፍርዱን መዝገብ ግን ለእኛ አልሰጠንም። በ2017ቱ ርዕደ መሬትም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ምጽዋት ስትልኪላቸው ሃይማኖታቸውን አትጠይቂ፤ ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው አልጠየቀውም።

ውኃውን በተመለከተ፣ ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም ሥርዓት ነውና በዕለቱ መቅረትሽ ትክክል ነው። በድንጋጤ መጠጣትሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና የምትቆርቢበትን ሌላ ቀን ይወስኑልሽ።