አዲስ ሌንስ ገዝታችሁ ፎከስ ሪንጉ አልዞር ላላችሁ፣ ጠይቁኝ

ሌንስ ፈትቶ መግጠም ስራዬ ነው፣ ሰሞኑን ስለ ጠንካራ ፎከስ ሪንግ (ምስሉ ጥርት እንዲል ሌንሱ ላይ የምናዞረው ቀለበት) የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሳምያንግ 85 ሚሊ 1.4 ሌንስ፣ ፎከሱ በእጅ ብቻ የሚዞረውን (ማኑዋሉን) ገዛሁ፣ ሪንጉ በጣም ይከብዳል፣ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከከበደህ አይመስለኝም ወንድሜ። ውስጡ ሄሊኮይድ የሚባል አንዱ አንዱ ውስጥ የሚዞር ትልቅ ጥርስ አለ፣ እሱ ላይ ወፈር ያለ ግሪስ የሚቀባው ሆን ተብሎ ነው፣ አለበለዚያ እጅህ ነካ ባደረገው ቁጥር ፎከስህ ያመልጥሃል። አዲስ ሲሆን ግሪሱ ገና በደንብ አልተዳረሰም። ማታ ቲቪ ምናምን እያየህ ከቅርቡ ጫፍ እስከ ኢንፊኒቲ (የሩቁ ጫፍ) ቀስ ብለህ አመላልሰው፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን አትግፋው፣ ብዙዎቹ ላይ እዛ ጋ የሚያስቆመው ትንሽዬ ብሎን ስለሆነ እሱ ከተነቃነቀ ኢንፊኒቲህ ይዛባል። ቀስ በቀስ ይላላል፣ እንደ አውቶፎከስ ሌንስ ግን አይቀልም፣ መቅለልም የለበትም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጠዋት ድርቅ ይልና ከሰዓት ደህና ይሆናል።

መልስ፦ ግሪስ ነዋ! ልክ እንደ ቅቤ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል። ጃኬትህ ውስጥ ይዘኸው ሂድ። ሂተር አጠገብ ወይ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው ግን፣ ሲሞቅ ዘይቱ ከግሪሱ ተለይቶ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚመጥኑት ቅጠሎች) ላይ ይሄድብሃል።

ጥያቄ፦ ደብሊውዲ 40 (የዛገ ብሎን ማላቀቂያው ስፕሬይ) ትንሽ ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ ኧረ በፈጠረህ! ግሪሱን አጥቦ ያወጣዋል፣ ፈሳሹ ደግሞ አፐርቸር ቅጠሎቹ ላይ ሄዶ ያጣብቃቸዋል፣ ከዛ በኋላ ሙሉ ለሙሉ ተፈቶ መታጠብ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ካኖን 50 ሚሊ 1.8 ኤስቲኤም ነው፣ ካሜራው ሲጠፋ ሪንጉ ይዞራል ሌንሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

መልስ፦ ጤነኛ ነው እህቴ። እሱ ላይ ሪንጉ ከመስታወቱ ጋር አልተያያዘም፣ ለሞተሩ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ማለማመድ ምናምን አይመለከተውም።

ጥያቄ፦ ለሰርግ ቪዲዮ ብዬ ያገለገለ ሄሊዮስ 44-2 ገዛሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይይዛል። ራሴ ልፍታው?

መልስ፦ ይሄ ሌላ በሽታ ነው። የሶቪየት ጊዜ ሌንስ ስለሆነ ግሪሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ ከያዘ ወይ ወድቆ ተጣሟል ወይ አሸዋ ገብቶበታል። ጸጥ ያለ ቦታ ጆሮህ ጋ አስጠግተህ አዙረው፣ ኮሽ ኮሽ ካለ አሸዋ ነው፣ ባዞርከው ቁጥር ጥርሱን እየፋቅከው ነው። አዲስ ሌንስ እንዲህ ካደረገ ሳትነካካው በዋራንቲ መልሰው። መፍታቱን በተመለከተ፣ ሄሊኮይዱ መግባት የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ነው፣ ከየትኛው እንደወጣ ምልክት ሳታደርግ ከፈታኸው ስትገጥመው ይገባል ግን ፎከሱ ልክ አይመጣም፣ እኔ ጋ በፌስታል ተበትኖ የሚመጣው አብዛኛው የዚህ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ፎሎው ፎከስ (ሪንጉን በጥርስ የሚያዞረው ዕቃ) ይረዳል?

መልስ፦ በደንብ። 0.8 የሚባለው መጠን ጥርስ ያለው ቀለበት ሪንጉ ላይ ጠበቅ አድርገህ አስረህ በማዞሪያው ስትጠቀም ክብደቱ ያን ያህል አይሰማህም። በሞተር የሚሰራው ዋየርለሱ ከሆነ ግን መጀመሪያ በእጅህ አላላው፣ ደካማ ሞተር ጠንካራ ሪንግ ላይ መሀል መንገድ ይቆማል።