ስለ ሞንስተር ትራክ የጠየቃችሁኝ፦ ከሚዙሪው ሱቅ እስከ ባትሪው መኪና

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን ይዤ ሞንስተር ትራክ፣ ማለትም ግዙፍ ጎማ ተገጥሞለት በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚወጣና የሚዘል የትርዒትና የውድድር መኪና፣ ለማየት ሄድኩ ብዬ ከነገርኳችሁ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አላቆመም። «ደግሞ እሱ ምን የሚሉት ነገር ነው» ካለኝ ሰው አንስቶ የአሞርዛተሩን (መኪናው ሲነጥር ድንጋጤውን የሚውጠውን ዕቃ) ዝርዝር እስከሚጠይቀኝ የሙያ ባልደረባ ድረስ። ዛሬ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልመልስ። እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ሞንስተር ትራክ ነድቼ አላውቅም፣ ግን ሃያ ዓመት ያህል ከልቤ ተከታትየዋለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ይህን ነገር ማን አመጣው? ጤነኛ ሰው ተነስቶ መኪና በመኪና ላይ ይነዳል?

ጤነኛ ብቻ ሳይሆን በጣም ታታሪ ሰው ነው ያመጣው። ቦብ ቻንድለር ይባላል። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ከባለቤቱ ጋር የፎር ዊል (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) መኪና መለዋወጫና ጥገና ሱቅ ነበረው። በ1974 የተሠራች ፎርድ ኤፍ 250 ፒክአፕ ነበረችው። ጭቃ ውስጥ ይገባባታል፣ ይሰብራታል፣ ይጠግናታል። አክስሉ (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) ሲሰበር ከወታደር መኪና የወጣ ጠንካራ ይገጥምላታል፤ አክስሉ ሲጠነክር ትልቅ ጎማ መሸከም ትችላለች፤ ጎማው ሲተልቅ ደግሞ ሞተሩ አልበቃ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለች አደገች። ነዳጅ መስጫው ላይ እግሩ ስለሚከብድ አብሮት የሚሠራ ሰው «ዕቃው የሚሰበረው በዚያ በትልቁ እግርህ ነው» አለው። ቢግፉት የሚለው ስም ከዚያ መጣ። መኪናዋ የሱቁ ማስታወቂያ ሆነች።

በ1981 አንድ እርሻ ላይ አሮጌ መኪኖች አስቀመጠና ወጣባቸው። ለጨዋታ ያህል ነበር። በቪዲዮ አስቀረጸውና ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ማሳየት ጀመረ። አንድ የትዕይንት አዘጋጅ ቪዲዮውን አየና ይህንኑ ሰው ፊት እንዲያደርገው ጠየቀው። ቻንድለር መጀመሪያ አመነታ፣ ማፍረስን የሚያበረታታ እንዳይመስልበት ሰግቶ ነበር። እሺ ካለ በኋላ ግን ማን ያቁመው! ብዙም ሳይቆይ ከእርሻ ማዳበሪያ መበተኛ የመጣ 66 ኢንች ጎማ ገጠመ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ገደማ ነው። ያ ልክ እስከ ዛሬም የውድድሩ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ቢግፉት ብቻውን ነበር ወይስ ተፎካካሪ ነበረው?

ነበረው እንጂ። ቤርፉት፣ ኪንግ ኮንግ፣ ዩኤስኤ ዋን። ቢግፉት ፎርድ ነው፣ ዩኤስኤ ዋን ደግሞ ሸቭሮሌት፤ ስለዚህ ስታዲየሙ እንደ ቡናና ጊዮርጊስ ለሁለት ይከፈል ነበር። በ1988 ነጥብ እየተያዘ ሙሉ የውድድር ዘመን ሲካሄድ ዋንጫውን የወሰደው ዩኤስኤ ዋን ነው። ለኔ ትርዒቱ ወደ ስፖርትነት የተሻገረው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚከፍለው መኪና ሲጨፈለቅ ለማየት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ይቀድማል የሚለው ጥያቄ መጣ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም እንደርስዎ መካኒክ ነኝ። 5 ቶን የሚመዝን ነገር እንደዚያ ዘሎ ሲያርፍ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ለምን ለሁለት አይከፈልም? እኛ ጋ ጉድጓድ የገባ አይሱዙ ሳምንት ጋራዥ ይከርማል።

ወንድሜ፣ የምወደውን ጥያቄ ጠየቅከኝ። የመጀመሪያዎቹ ሞንስተር ትራኮች እንዳንተ አይሱዙ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ነበራቸው። የፋብሪካ ሻንሲ፣ የብረት ቦዲ፣ ከባድ አክስል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በየጎማው የተደረደረ ብዙ አሞርዛተር። ክብደታቸው ከዛሬዎቹ በጣም ይበልጥ ነበር። ሲያርፉ አይተጣጠፉም፣ ይነጥራሉ። የሚሰበረው ዕቃው ብቻ አልነበረም፣ የሾፌሩም ጀርባ ጭምር ነው።

በ1989 ቻንድለር ቢግፉት 8ን አወጣ (ቢግፉት አንድ መኪና ብቻ አይደለም፣ ተከታታይ መኪኖች ናቸው፣ በቁጥር ይለያሉ)። በኮምፒውተር ነድፎ፣ ሻንሲውን እንዳለ ከቱቦ በይዶ፣ ባሌስትራውን ጥሎ። በምትኩ ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ረጅም አሞርዛተር ገባ። ጎማው ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ይህን ያህል መንገድ ስላለው የማረፉ ኃይል በአንድ ቅጽበት ብረቱ ላይ አይወድቅም፣ ቀስ እያለ ጋዙና ዘይቱ ውስጥ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ያልተከተለ ወደ ኋላ ቀረ። ሰው ስለ ሞተሩ ያወራል፤ እኔ ግን የዚህ ስፖርት ታሪክ የአሞርዛተር ታሪክ ነው እላለሁ። ያ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም መኪና ላይ ቀስ ብሎ ወጥቶ መውረድ ነበር የምናየው።

የዛሬዎቹን ደግሞ ባጭሩ ልንገርህ። ሾፌሩ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ በቱቦ ጎጆ ተከቦ። ሞተሩ ሱፐርቻርጀር (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 ነው፣ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ነዳጅ ይሠራል፣ 1,500 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። የፊቱ ጎማ በመሪ ይዞራል፤ የኋላው ደግሞ በእጅ በምትነካ ማብሪያ ለብቻው ይዞራል፤ ቦታው ላይ እንደ እንዝርት የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ቦዲው ፋይበር ግላስ ነው፣ ቢሰባበር ይቀየራል። ጎማውን ድሮ ሜካኒኮቹ ክብደት ለመቀነስ በእጃቸው ሰዓታት ፈጅተው ይላጩት ነበር። አሁን ቢኬቲ የተባለ የሕንድ ኩባንያ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጎማ ያቀርባል።

ጥያቄ፦ ትልቁ የቱ ነው? (የ9 ዓመት ልጄ ነው ያስጠየቀኝ)

ቢግፉት 5 በለው። 1986 ነው የተሠራው። ጎማው 10 ጫማ ነው፣ ከ3 ሜትር በላይ። የአሜሪካ ጦር በ1950ዎቹ በአላስካ በረዶ ላይ ለመጓዝ ካሠራው ግዙፍ ተጎታች የተወሰደ ጎማ ነው። ክብደቱ 12 ቶን ተኩል ያልፋል። ለመዝለል ሳይሆን ለመታየት ነው።

ጥያቄ፦ ያ ጥቁርና አረንጓዴው፣ የመቃብር ሥዕል ያለበት፣ ለምንድነው ሁሉም ሰው እሱን የሚወደው?

ግሬቭ ዲገር ነው፣ መቃብር ቆፋሪው። ዴኒስ አንደርሰን የሚባል የሰሜን ካሮላይና ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ አሮጌ ፎርድ ፒክአፕ ነው የጀመረው። ያኔ የጭቃ ውድድር ላይ ነበር። የተሻለ መኪና ያላቸው ሲያሾፉበት፣ በዚህ አሮጌ ነገር መቃብራችሁን እቆፍራለሁ ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ስሙ እዚያው ተለጠፈበት።

ሰው የወደደው ግን ስለ ስሙ አይመስለኝም። አንደርሰን በቁጠባ አይነዳም ነበር። ዕቃው እስኪያልቅ፣ መኪናው እስኪገለበጥ ይሰጠዋል። ሰዓት ተሰጥቶት እንደ ፈለገ የሚነዳበት ፍሪስታይል የሚባለው ክፍል እንዲህ ገንኖ የወጣው በአብዛኛው እሱን በመሰሉ ሾፌሮች ነው። አሁን አራት ልጆቹ ሾፌሮች ሆነዋል።

ጥያቄ፦ አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው እንዴ? እንደ ሬስሊንግ?

አይደለም። ሩጫው ሁለት ሁለት ሆነው ነው፣ ቀድሞ መስመር ያለፈ ያልፋል። ፍሪስታይሉ ላይ ሞንስተር ጃም በሚባለው ትልቁ ውድድር ተመልካቹ በስልኩ ነጥብ ይሰጣል። ሕዝቡ ለሚያውቀው መኪና ያደላል ካልከኝ እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ ሴቶች አሉበት?

በደንብ! ማዱሳ በሚል ስም የምትታወቀው ዴብራ ሚሴሊ መጀመሪያ የሬስሊንግ ሰው ነበረች። በ2005 የሞንስተር ጃም የዓለም ፍጻሜ ላይ የሩጫውን ዋንጫ ወሰደች። ክሪስተን አንደርሰን ደግሞ፣ የዴኒስ ልጅ፣ ከ2017 ጀምሮ የአባቷን ግሬቭ ዲገር ትነዳለች። እሷን ያየች ሴት ልጅ ከስታዲየም ስትወጣ ፊቷን ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አትላንታ ነው የምኖረው። የልጅ ልጆቼ ውሰጂን ብለው ወጥረው ይዘውኛል። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ ሰው ገድሏል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እማማ፣ የሰሙት እውነት ነው፣ አልደብቅዎትም። በ2013 ሜክሲኮ ቺዋዋ ውስጥ አንድ መኪና ሕዝብ መሀል ገብቶ 8 ሰው ሞተ። በዓመቱ ሆላንድ ሃክስበርገን ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነና 3 ሰው ሞተ። በ2009 ደግሞ ዋሽንግተን ስቴት ታኮማ ውስጥ ከመኪናው ተገንጥሎ የበረረ ብረት የ6 ዓመት ልጅ ገደለ። የራሴ ልጅ ያን ጊዜ ትንሽ ነበር። ያን ዜና እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሜክሲኮውም የሆላንዱም አደጋ የደረሰው ክፍት ቦታ ላይ፣ ሰው ከመኪናው ጋር በአንድ መሬት ላይ ቆሞ ነው። በትልልቆቹ ስታዲየሞች ተመልካቹ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ከመኪናው ጋር የሚለየው ግንብም አለ። በተጨማሪ እያንዳንዱ መኪና ላይ ከውጭ በሬዲዮ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ ይገጠማል። ሾፌሩ ራሱን ቢስት ወይም ነዳጅ መስጫው ተጣብቆ ቢቀር ዳር የቆመው ሰው ቁልፉን ይጫናል። ይህን መሣሪያ ያስለመደው በ1980ዎቹ መጨረሻ እነ ቻንድለር ያቋቋሙት የባለ መኪናዎቹ ማኅበር ነው።

እና ልጆቹን ይውሰዷቸው። የፊቱን ረድፍ ይተዉት፣ ከላይ ይቀመጡ፣ ከላይ ደግሞ ይበልጥ ይታያል። ለልጆቹ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍነውን የጆሮ መከላከያ ይግዙላቸው፤ ይህን እለምንዎታለሁ። ጥጥ አይበቃም። ለራስዎም አይርሱ። ሜዳ ላይ ግንብ የሌለው፣ ገመድ ብቻ የተወጠረበት ትዕይንት ካጋጠመዎት ግን ትኬቱ ይቅርና ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ሪከርዶቹን ንገረን።

ዝላይ፦ በ1999 ዳን ራንት በቢግፉት 14 ቦይንግ 727 አውሮፕላን ዘለለ፣ 61 ሜትር ተኩል። በ2013 ጆ ሲልቬስተር ባድ ሃቢት በተባለው መኪናው 72 ሜትር አለፈ። ፍጥነት፦ በ2020 ብራይስ ኬኒ ፍሎሪዳ ላይ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ነዳ፣ ያኔ ሪከርድ ነበር። ከዝላዩ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን በ2010 ካም ማክዊን በውድድር ላይ ከነመኪናው አየር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ በአራት ጎማው ያረፈው ነው።

ጥያቄ፦ ወደፊት ኤሌክትሪክ ይሆናል? ሁሉም ነገር ባትሪ እየሆነ ነው።

ተጀምሯል፣ ያውም ቀደም ብሎ። በ2012 ቢግፉት 20 ወጣ፣ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞንስተር ትራክ። 36 ባትሪ ተሸክሞ መኪና ይጨፈልቃል። የጀመረው ራሱ የቢግፉት ቤት መሆኑ ደስ ይለኛል።

በቴክኒክ በኩል የሚያስቸግር አይመስለኝም። ውድድሩ አጭር ነው፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ለዝላይ የሚፈለገውም ያ ነው። ችግሩ የባትሪው ክብደትና በእያንዳንዱ ማረፍ የሚደርስበት ድንጋጤ ነው። ሌላው ድምፁ ነው። ብዙ ሰው ያለ ድምፅ ሞንስተር ትራክ የለም ይላል። እኔ እንኳ ደረቴ ውስጥ የሚገባውን ያን ጉርምርምታ እወደዋለሁ። ግን ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ከጭስ ነፃ የሆነ ውድድር ቢኖር፣ አስም ያለበት ልጅ ያለው ወላጅ ያመሰግናል። ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ፤ ትንንሽ አዳራሾች ወደ ባትሪ፣ ስታዲየሞች በሜታኖል።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ ስለ ወደፊቱ ምን ያሳስብሃል?

ባትሪው አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መኪናው የማን ነው የሚለው ነው።

ከ2008 ጀምሮ ሞንስተር ጃም የፌልድ ነው፣ ሰርከስና የበረዶ ላይ ትርዒት የሚያዘጋጀው ትልቅ ኩባንያ። ጥሩ ነገር ሠርቷል። ቁጥጥሩ ጠብቋል፣ ውድድሩ ሪያድ ድረስ፣ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዷል። የዓለም ፍጻሜውም ከ2000 እስከ 2018 ላስ ቬጋስ ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ ኦርላንዶ፣ ናሽቪል፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ። ነገር ግን ብዙዎቹ መኪኖች የኩባንያው ናቸው፣ ሾፌሩ ተቀጣሪ ነው። ግሬቭ ዲገር ራሱ በአንድ ጊዜ በብዙ ከተማ ይታያል፣ ምክንያቱም ብዙ ነው።

ቻንድለር ባለ ሱቅ ነበር። አንደርሰን በአሮጌ ፒክአፕ ነው የመጣው። ዛሬ እንደነሱ ጋራዡ ውስጥ በይዶ የሚመጣ ሰው አንድ መኪና ለመሥራት ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈልጋል፣ ከዚያ ለስታዲየሙ መግቢያ የለውም። የሚወዳደረው በየወረዳው ባዛር ላይ ነው። እኔ አዲስ ሐሳብ ሁልጊዜ የሚመጣው ከነዚህ ሰዎች ነው እላለሁ። ቢግፉት 8ን ያመጣው የራሱ መኪና የሰለቸው ባለቤት ነው፣ ኮሚቴ አይደለም። ስለዚህ ሰፈራችሁ ትንሽ ውድድር ከመጣ፣ ግንቡ ደህና ከሆነ፣ ሂዱና ትኬት ቁረጡ። ከውድድሩ በፊት መኪናውን ቀርባችሁ የምታዩበት ሰዓት ይኖራል። ባለቤቱን አናግሩት፣ እጁ ግሪስ ነው፣ ሁሉንም ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ዳላስ ነኝ። ሾፌር መሆን እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ኢሊኖይ ፓክስተን ውስጥ ቶም ሚንትስ የሚባለው የብዙ ጊዜ ሻምፒዮን አዳዲስ ሾፌሮች የሚያሠለጥንበት ቦታ አለ። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሰው ሊያይህ ይገባል። ከሞቶክሮስ (የሞተርሳይክል ውድድር)፣ ከጭቃ ውድድር፣ ከመካኒክነት የሚመጡ አሉ። እኔ ብሆን ብየዳ እማር ነበር። ሾፌር የሚፈልግ ቡድን ጥቂት ነው፣ ቅዳሜ ማታ የተሰበረ ሻንሲ ለእሑድ አድርሶ የሚበይድ ልጅ ግን የማይፈልግ ቡድን የለም። አሁን ዕድሜህ ደርሷል፣ ማኅበረሰብ ኮሌጆቹ የማታ ኮርስ አላቸው። ጓንትና ፊት ሙሉ የሚሸፍን ጥሩ የብየዳ ጭንብል ግዛ። ስትጀምር ጻፍልኝ፣ የመጀመሪያዋን የብየዳ ስፌትህን ፎቶ ላክልኝና የት ጋ እንደተቃጠለች እነግርሃለሁ።