ከሽቦው ሥር ማን ይቆማል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የከተማ ፕላን ተማሪ ከአዲስ አበባ ጻፈችልኝ። የምትኖረው ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሃይቴንሽኑን ታየዋለች። ከሥሩ ያለው መሬት ረጅም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቤት የለበትም። «ጋሼ፣ አውቶቡስ ለምን በዚያ አይሄድም? ማንንም ማስነሣት አያስፈልግም እኮ» አለችኝ።

በሁለት መስመር ልመልስላት ቁጭ አልኩ። አልሆነልኝም። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም ለወጣቶቹ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ተማሩ፣ ቋንቋ አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

ነገሩ ቶሮንቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ። አንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጥሬ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። በከተማዋ ሰሜን፣ ከፊንች ጎዳና ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። ከሥሩ ሰፊ ሣር ነው። ካርታ ላይ ሲታይ ያስጎመጃል። አለቃዬ በዚያ የአውቶቡስ መንገድ ቢሠራ ምን ይመስላል የሚል ጥናት ሰጠኝ። መስመሩን በቀይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ቦታውን ሄጄ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በበጋ፣ በመኪና፣ ቡናዬን ይዤ።

የሕዝብ ውይይቱ ጄን እና ፊንች አካባቢ ባለ አዳራሽ ተጠራ። ሰፈሩ ፎቅ በፎቅ ነው፤ ስደተኛ ይበዛበታል። ካርታዬን ለጥፌ ቆሜያለሁ። አንዲት ሴትዮ መጡ። ከካፖርታቸው ሥር የጽዳት ሠራተኛ ዩኒፎርም ለብሰዋል። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አዩና «ያበሻ ልጅ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ደስ አላቸው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። ባልደረቦቼ ያዩኝ ነበር።

መሃል ከተማ ቢሮ ያጸዳሉ። ማታ ሄደው ሌሊት ነው የሚመለሱት። ካርታውን አዩት አዩትና «ይሄኛው ሲመጣ በደጄ የሚያልፈው አውቶቡስ ይቀራል?» ሲሉ ጠየቁኝ። አይቀርም፣ ቁጥሩ ግን ይቀንሳል አልኳቸው። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ብዙ መብራት አያስቆመውም፣ ደቂቃ ይቆጥብልዎታል ብዬ ጨመርኩ።

«ደቂቃውን ምን ላድርገው ልጄ? በሌሊት ከሽቦ ሥር ብቻዬን ልገተር? በደጄ ሲሆን እኮ ዶናት ቤቱ ክፍት ነው። ሰው ያየኛል።»

በእንግሊዝኛ መጻፍ ስለማይችሉ አስተያየታቸውን በአማርኛ ጻፉ። ግማሽ ገጽ ሞላ። «ተርጉመህ ስጥልኝ» አሉኝ። እሺ እማማ አልኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ? «አንዲት ተሳታፊ ስለ ፌርማታ መብራት ጠይቃለች።» ይቺው ናት። አለቃዬ ሪፖርቱ ጥርት ያለ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ጥናቱ ገንዘብ አጥቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። እና ማን ተጎዳ ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ እያልኩ ኖሬያለሁ።

ቆይቶ ግን ከነከነኝ። አንድ የካቲት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከአንዱ ፎቅ በር ተነሥቼ ፌርማታ ብዬ ነጥብ ያደረግኩበት ቦታ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ካርታው ላይ አፍንጫ ሥር ነው። መሬት ላይ ግን ቤቶቹ ሁሉ ለሽቦው ጀርባቸውን ሰጥተዋል፤ አጥር በአጥር። ዞሬ ስደርስ 17 ደቂቃ ሆነ። በረዶውን የሚጠርግ የለም። ሽቦው እዝዝ ይላል። አንድም መስኮት ወደ እኔ አያይም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሌላው ሁሉ የገባኝ። ሰው ፌርማታ ድረስ በእግሩ የሚመጣው ከ400 ሜትር ገደማ ነው እንላለን። በፌርማታው ዙሪያ ካለው ከዚያ ክብ ውስጥ አብዛኛው ሣር ከሆነ ማን ይሳፈራል? መስመሩ ትልልቅ ጎዳናዎችን የሚያቋርጠው ከመስቀለኛው ርቆ ነው። ስለዚህ ሌላ የትራፊክ መብራት ይተከላል፤ ከሌላ አውቶቡስ ለመቀየር የሚፈልገውም ሰው ይጉላላል። ሽቦው በሙቀት ረግቦ ወደ መሬት ይቀርባል፣ ጠጋኞቹ በከባድ መኪና መግባት አለባቸው፣ ሐዲድና የብረት አጥር ከተዘረጋ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዳይዝ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። ባዶ መሬት የሚመስለው ባዶ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ለጓሮ አትክልት ይፈቀዳል። ባለቤቴ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎመን አብቅላበታለች፤ እንደዚያ ያለ ጎመን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

በጭራሽ አይሆንም እንዳልል ደግሞ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ ሽቦ ሥር፣ ከዳፈሪን እስከ ኪል ጎዳና፣ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መንገድ ተከፈተ። ተማሪውን ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ወደ ግቢው ያደርሰው ነበር። እኔም ሄጄበታለሁ፤ ይበር ነበር! እ.ኤ.አ. በ2017 የምድር ውስጥ ባቡሩ ራሱ እስከ ግቢው ደረሰ። ያ መንገድ የሠራው መሃል ላይ ተሳፋሪ ማንሣት ስላልነበረበት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ናቸው ሰው የሞላባቸው።

ፊንች ምዕራብ ላይ ግን በዲሴምበር 2025 የተከፈተው ባቡር፣ ሽቦው ጎኑ እያለ፣ ጎዳናው መሃል ነው የተሠራው። 10.3 ኪሎ ሜትር፣ 18 ጣቢያ። ቀርፋፋ ነው ተብሎ ተወቀሰ፤ ደግሞም ቀርፋፋ ነው። እኔም እየረገምኩት እሄድበታለሁ። ግን በሰው ደጅ ነው የሚያልፈው። የአዲስ አበባውም ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዋናው ጎዳና ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ እግረኛውን አሳሩን አብልቶታል። ያለ ጣጣ የሚገኝ መስመር የለም።

የዛሬ ልጆች ሥራችሁ ያስቀናል። እኛ በወር የምንሠራውን ካርታ በአንድ ከሰዓት ታወጣላችሁ። ነገር ግን ከተማን ከሳተላይት ማየት ታበዛላችሁ፤ ከላይ ሲታይ አጥር የለም። እኔም ያለ ሳተላይት ያንኑ ነው የሠራሁት፣ ስለዚህ ብዙ አልናገር።

ለጠያቂዬ ሁለቱን ጫፎች ንገሪኝ አልኳት። ሽቦው ሰፈርሽን ከምን ጋር ያገናኛል? መሃል ላይስ በሩን ወደዚያ ያዞረ ቤት አለ? ቀጥዬም «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥሩ ሂጂና እዪው» ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት መልሼ ሰረዝኩት። ብቻዋን እንዳትሄድ ፈራሁ።