የልጄን ስናፕቻት በድብቅ ብከታተል ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሴቷ ልጄ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፣ ትጾማለች፤ ነገር ግን ከስናፕቻት አትለይም። መልእክቱ ታይቶ ወዲያው ስለሚጠፋ ከማን ጋር ምን እንደምትነጋገር ማወቅ አልቻልሁም። በሰሙነ ሕማማት እንኳ «ስትሪኬ ይቋረጥብኛል» ብላ ከስግደት መካከል ወጥታ ስልክ ስትነካካ አየኋት። አንድ ወጣት ዘመዳችን እርሷ ሳታውቅ መልእክቷን ሁሉ ወደ እኔ ስልክ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ልጫንልሽ ብሎኛል፤ አባቷ ደግሞ ስልኩን ነጥቀን እንገላገል ይላል። በድብቅ ብከታተላት ኃጢአት ይሆንብኛል? የንስሐ አባታችንን ምን እንደምትነግራቸው ብጠይቅስ?

መልስ፦ በክርስቶስ የተወደዱ እናታችን፣ ልጅዎ ከማን ጋር እንደምትውል፣ ምን እንደምታይና ምን እንደምትሰማ መከታተል ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም የወላጅነት ግዴታ ነው። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው የልጆቹን በደል ስላልሰማ ሳይሆን፣ ሰምቶ በቃል ከመገሠጽ አልፎ ስላልከለከላቸው ነው (1ኛ ሳሙ. 2፥22-25፤ 3፥13)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የልጅን ነፍስ በሮች ባሏት ከተማ መስሎ፣ በዓይን፣ በጆሮና በአንደበት በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን ወላጅ እንዲጠብቅ ያስተምራል። ስለዚህ «አሜሪካ ነው የምንኖረው፣ የግሏ ጉዳይ ነው» ብለው ዝም እንዲሉ አልመክርዎትም። የ14 ዓመት ልጅ ለራሷ የምታስቀረው ነገር ሊኖራት እንደሚገባ አምናለሁ፤ ከማታውቀው ጎልማሳ ጋር በሌሊት መነጋገር ግን ከዚያ አይቆጠርም።

ስለ መተግበሪያው ጥቂት ማወቅ ያስፈልግዎታል። ስናፕቻት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ጀምሮ የታወቀው የተላከው ነገር ከታየ በኋላ የሚጠፋበት በመሆኑ ነው፤ ዛሬ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ኢንስታግራምም ተመሳሳይ አገልግሎት ስላላቸው አንዱን ብቻ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም። ይጠፋል መባሉም ሙሉ እውነት አይደለም። ተቀባዩ ስክሪንሾት ካነሣ ለላኪው ቢነገረውም ምስሉ በተቀባዩ እጅ ቀርቷል፤ በሌላ ስልክ ካነሣው ደግሞ ማንም አያውቅበትም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያውን የከሰሰው ከሌሎች ነገሮች ጋር በዚሁ ምክንያት ነበር፤ መልእክቱ ለዘለዓለም ይጠፋል እየተባለ ለተጠቃሚዎች የተሰጠው ተስፋ አሳሳች ነው ብሎ ከሰሰ፣ ጉዳዩም በስምምነት ተዘጋ። ይህን ታሪክ ለልጅዎ ቢነግሯት ከብዙ ቁጣ ይልቅ ይጠቅማታል ብዬ አስባለሁ።

ዘመድዎ ልጫንልሽ ያለዎትን ፕሮግራም ግን አይቀበሉ። ልጅዎ እንደ ስናፕቻት ካለው፣ መልእክት ከሚያጠፋ መተግበሪያ ልትማረው የምትችለው እጅግ ክፉው ትምህርት፣ በስውር የተደረገ ነገር ማንም ካላየው እንዳልተደረገ ይቆጠራል የሚለው ነው፤ እርስዎም በስውር ሲያነቡባት ያንኑ ትምህርት ያጸኑባታል። ደግሞም ተደብቀው ያወቁትን በግልጥ ሊገሥጹበት አይችሉም፤ ከየት እንዳወቁ ስትጠይቅዎ ወይ ይዋሻሉ ወይ ይጋለጣሉ፤ ከተጋለጡ በኋላ ሌላ አካውንት ወይም የጓደኛ ስልክ ትፈልጋለች እንጂ ምሥጢሯን ይዛ ወደ እርስዎ አትመጣም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ልጆችን በጌታ ምክርና ተግሣጽ አሳድጉ ሲል አታስቆጡአቸው የሚለውንም አብሮ የተናገረው ያለ ምክንያት አይደለም (ኤፌ. 6፥4)።

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ ያደረገችውን ይመልከቱ (ሉቃ. 2፥41-51)። ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ባጡት ጊዜ በዘመዶችና በሚያውቋቸው ዘንድ ፈለጉት፤ ተመልሰውም ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ አገኙት። በመምህራን መካከል ተቀምጦ ባገኘችው ጊዜ ለምን እንዲህ እንዳደረገና ምን ያህል ተጨንቀው እንደፈለጉት ፊት ለፊት ነገረችው፤ የመለሰላቸውን ቃል ባያስተውሉትም በልቧ ጠበቀችው። እርሱም አምላክ ሲሆን ይታዘዝላቸው ነበር። ይህን ያነሣሁት የእናትን አፈላለግ እንድንማርበት ነው እንጂ የእኛን ልጆች ከጌታ ጋር ለማስተካከል አይደለም። እርስዎም ጭንቀትዎን ለዘመዶች ከመናገርዎ በፊት ለራሷ ለልጅዎ ነግረዋታልን? በጥያቄዎ ውስጥ ይህን አላገኘሁትም።

ክትትሉ እንግዲህ በግልጥ ይሁን። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ፋሚሊ ሴንተር የሚባል የወላጅ መከታተያ አውጥቷል፤ ወላጅ የራሱን አካውንት ከፍቶ ልጁን ይጋብዛል፣ ልጁ ግብዣውን ሲቀበል ወላጁ የጓደኞቹን ዝርዝርና ባለፉት ሰባት ቀናት ከማን ጋር እንደተነጋገረ ያያል፤ የተነጋገሩትን ቃል ግን አያይም። ይህ ድንበር ለእኔ መልካም ይመስለኛል፤ በዚህ ዕድሜ አደጋው በአብዛኛው የሚታወቀው ከቃሉ ይልቅ ከተናጋሪው ማንነት ነውና። አብራችሁ ተቀምጣችሁ በዝርዝሩ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ «ይህ ማን ነው? የት ተዋወቃችሁ?» እያሉ ይጠይቋት፤ በአካል የማታውቃቸውን ራሷ ታውጣቸው፤ ያለችበትን ቦታ ለሌሎች የሚያሳየውንም ካርታ ትዝጋው። ሌሊት የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይደር፤ የእርስዎና የአባቷም ጭምር፤ ያለዚያ ሕጉ እርሷን ብቻ ይመለከታል ብላ ታዝናለች።

የመልእክቷን ቃል ሁሉ ማንበብ ሌላም ጉዳት አለው። ከእርሷ ጋር የሚጻጻፉት የሌሎች ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ስለ ቤታቸው ጠብ፣ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ውድቀታቸው የጻፉት ለእርስዎ አልተጻፈም። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ሻይ ሲጠጣ የሰው ልጅ ገበና እንዴት ከአፍ ወደ አፍ እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን አስጊ ምልክት እስካላዩ ድረስ ነው። ልጅዎ በድንገት እንቅልፍና ምግብ ካጣች፣ መልእክት ሲመጣ ከደነገጠች፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ገንዘብ ከጠየቀች፣ ፈቃዷን ሳይጠብቁ ስልኩን ይዩ፤ ማየትዎንም ይንገሯት። በአሜሪካ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በተደጋጋሚ የሚያስጠነቅቅበት ወንጀል አለ፦ ሰውየው የእኩያ ልጅ መስሎ ቀርቦ የዕርቃን ፎቶ ያስልካል፤ ከዚያም ገንዘብ ወይም ሌላ ፎቶ ካልላክህ ለቤተሰብህና ለጓደኞችህ እበትነዋለሁ ይላል። ለገንዘብ ሲባል በሚፈጸመው ማስፈራራት ተጠቂዎቹ በብዛት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። አስፈራሪው የሚተማመነው በልጁ ኀፍረት ነው። እንደ እኛ ባለ፣ ነውር ከሞት በሚከፋበት ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ከማንም ይልቅ ዝም ይላል። ስለዚህ ምንም ሳይደርስ ዛሬውኑ፦ «እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ጥፋቱ ያንቺ ቢመስልሽም ለእኔ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም፣ አልጥልሽም» ይበሏት፤ የተናገሩትንም ቃል ይጠብቁ። ደርሶ ከተገኘ ገንዘብ አይክፈሉ፤ የአካውንቱን ስምና የማስፈራሪያውን ጽሑፍ ከመጥፋቱ በፊት ይያዙ፤ የዕርቃን ፎቶውን ግን አያባዙት፣ ለማንም አይላኩት፤ ለፖሊስ ወይም ለኤፍቢአይ ያመልክቱ። የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል የሚያስተዳድረው ቴክ ኢት ዳውን የተባለ ነጻ አገልግሎትም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ምስል በሚተባበሩት መድረኮች ላይ እንዳይሰራጭ ይረዳል።

ከስግደት መካከል ስለ መውጣቷ፣ ስትሪክ ማለት ሁለት ሰዎች በየቀኑ ሳያቋርጡ ፎቶ ሲላላኩ የሚቆጠር ቁጥር ነው፤ አንድ ቀን ከታለፈ ይቋረጣል። ልጆች በዚህ ቁጥር ወዳጅነታቸውን ስለሚለኩ መቋረጡ ከልብ ያስጨንቃቸዋል፤ ስለዚህ አይሳለቁባት። በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ግን ከምግብ ጋር ይህንንም እንድትጾም፣ ለጓደኞቿም ቀድማ እንድትነግራቸው ይምከሯት። ስልኩን መንጠቅ የሚፈልገው አባቷም ከዚህ ቀደም ያልተነገራትን ሕግ በመጣስ ባይቀጣት ይሻላል፤ አስቀድማችሁ የተስማማችሁበትን ስታፈርስ ግን ለጊዜው ቢወስድባት አላወግዘውም።

የንስሐ አባታችሁን ስለምትነግራቸው ነገር ፈጽሞ አይጠይቁ። ኑዛዜ በእርሷና በእግዚአብሔር መካከል በካህኑ ፊት የሚፈጸም ነው፤ ካህኑ ቢናገሩ ሥልጣነ ክህነታቸውን ይበድላሉ፣ ልጅዎም የሸሸገችውን የምታወጣበትን አንድ ስፍራ ታጣለች። በቤት የታዘቡትንና የሚያሳስብዎትን ግን እርስዎ ለእርሳቸው ቢነግሩ ተገቢ ነው።

ስለ ታናሽ ወንድሟ አልጠየቁኝም፤ ግን ልጨምር። ስናፕቻት በራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም። ብዙ ወላጆች ልጁ እንዳያስቸግራቸው ብለው የልደት ዘመኑን ራሳቸው ጨምረው ይከፍቱለታል፤ ይህ ውሸት ነው፣ ልጁም አጠገባቸው ቆሞ ያያል። ለ11 ዓመቱ ልጅዎም እንዲህ ተደርጎ ከሆነ አካውንቱን ይዝጉት፤ ለምን እንደዘጉትም ይንገሩት።