የተመዘገበ ነባር ቤት ለማደስ ፈቃድ ስለ ማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያላቸው ሰዎች እድሳት ሲያስቡ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ተቀብዬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ሙያዬ የነባር ሕንጻዎች ጥገና ንድፍ ሲሆን፣ የፈቃድ ጥያቄዎች ሲመረመሩ በአመልካች ወገንም በመርማሪ ወገንም ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። የሕጉ ዝርዝር ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ፣ የሌሎችን ሕግ በምሳሌነት ስጠቅስ የራስዎን አካባቢ ደንብ እንደሚያገናዝቡ በማመን ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱ በውርስ ያገኘሁት የግል ንብረቴ ነው። የገዛ ቤቴን ለማደስ የሌላ አካል ፈቃድ የሚያስፈልገኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ባለቤትነትዎ እንዳለ ነው፤ ምዝገባው የገደበው ቤቱን እንደ ፈለጉ የመለወጥ መብትዎን ነው። ስለዚህ ገደብ አዘውትሮ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 የሰጠው ውሳኔ ነው። የኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በጣቢያው አናት ላይ ረጅም የቢሮ ሕንጻ ለመሥራት ጠይቆ በከተማው የቅርስ ኮሚሽን በመከልከሉ፣ ክልከላው ንብረትን ያለ ካሳ ከመውሰድ ይቆጠራል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ኩባንያው ጣቢያውን እንደ ቀድሞው ለመጠቀምና ተመጣጣኝ ገቢ ለማግኘት እስካልተከለከለ ድረስ ንብረቱ ተወሰደበት ሊባል አይችልም በማለት ክርክሩን አልተቀበለውም። በሌሎች አገሮችም መርማሪዎች የሚያስቡት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ «ቤቱ አሁን ባለበት ሁኔታ ሊኖሩበት አይቻልም» የሚል በማስረጃ የተደገፈ አቤቱታ ሰሚ ያገኛል፣ «ብለውጠው ይበልጥ ያተርፈኛል» የሚለው ግን ብዙም አያስኬድም።

ጥያቄ፦ ፈቃድ የሚጠይቀው የትኛው ሥራ ነው? የውስጥ ክፍሎችስ ይጨምራሉ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቤቱ የተመዘገበበትን ሰነድ ፈልገው ያንብቡ፤ የጥበቃው ወሰን የሚገኘው እዚያ ነው። በእንግሊዝ የአንድ ቤት መመዝገብ ውስጡንም ውጩንም ይሸፍናል፣ ያለ ፈቃድ የቤቱን ባሕርይ የሚነካ ሥራ መሥራትም ወንጀል ነው። በአሜሪካ በታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ መስፈር ብቻውን በራሱ ገንዘብ የሚያድስን የግል ባለቤት አያግድም፤ የሚያግደው የከተማው ደንብ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ደንብ ፈር የቀደደችው እ.ኤ.አ. በ1931 ታሪካዊ ክልሏን በሕግ የከለለችው የቻርልስተን ከተማ ናት። በፈረንሳይ ደግሞ ቤቱ ራሱ ባይመዘገብም፣ ከተመዘገበ ቅርስ በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ ሆኖ ከቅርሱ ጋር አብሮ የሚታይ ከሆነ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ «ውጩን አልነካሁም» የሚለው መከላከያ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ይወቁ።

ጥያቄ፦ አርክቴክት ቀጥሬ ፕላን ላሠራ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፕላኑን ከማሠራትዎ በፊት መርማሪውን ባለሙያ ያነጋግሩ። ብዙ አስተዳደሮች ከማመልከቻ በፊት ምክክር ይፈቅዳሉ፤ ይህንን ዕድል ዘልለው የተጠናቀቀ ንድፍ ይዘው የሚቀርቡ አመልካቾች፣ ገንዘባቸውን አውጥተው የወደዱትን ሐሳብ ማሻሻል ስለሚከብዳቸው ክርክር ውስጥ ይገባሉ። በምክክሩ ላይ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ ይህ ቤት የተመዘገበው በምን ምክንያት ነው? በመወጣጫ ደረጃው ነው፣ በጣሪያው አሠራር ነው፣ በኖረበት ሰው ነው ወይስ ከጎረቤት ቤቶች ጋር በሚፈጥረው የመንገድ ገጽታ ነው? መልሱ የትኛውን የቤቱን ክፍል በነፃነት መለወጥ እንደሚችሉ፣ የትኛው ላይ ደግሞ ድርድር እንደማይኖር አስቀድሞ ያሳይዎታል።

ቀጥሎም አሁን የቆመውን ቤት በትክክል ያስለኩ። አብዛኞቹ ደካማ ማመልከቻዎች የሚመጣውን አዲስ ነገር አሳምረው ሲያሳዩ፣ አሁን ስለቆመው ቤት ግን ከጥቂት ፎቶግራፎች በቀር የሚያቀርቡት የላቸውም፤ መርማሪው ደግሞ በዋናነት የሚመዝነው ምን እንደሚጠፋና የጠፋው ሊመለስ ይችል እንደሆነ ነው። እያንዳንዱ ክፍል፣ በርና መስኮት ቁጥር ተሰጥቶት ፎቶ ይነሣ፤ ስንጥቁ፣ እርጥበቱና ብስባሴው በንድፉ ላይ ይታይ፤ ከሁሉም በላይ የጉዳቱ መንስኤ ይጻፍ። ግድግዳው የረጠበው አሸንዳው በመሰበሩ ከሆነ፣ አሸንዳውን ሳይጠግኑ ግድግዳውን ለማፍረስ መጠየቅ በየትኛውም ኮሚቴ ፊት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ የጸደቀው የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ የቡራ ቻርተር፣ የሚለው የሚያስፈልገውን ያህል እንዲለወጥ፣ ከዚያ ውጭ ግን በተቻለ መጠን ጥቂት እንዲለወጥ ነው፤ ማመልከቻዎን በዚህ ልክ ቢያዘጋጁት ከመርማሪው ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ።

ጥያቄ፦ ተቋራጩ የድንጋዩን መጋጠሚያ በሲሚንቶ እንሙላው፣ ከኖራ ይበልጥ ይጠነክራል ይላል። ባለሥልጣኑ ግን ሲሚንቶ አልፈቀደም። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሲሚንቶ መጠንከሩ እውነት ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ በፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1824 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ቤቶች፣ ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ፣ በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዙ ናቸው። የኖራ ማያያዣ ከድንጋዩና ከጡቡ የላላ ስለሆነ ቤቱ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው እሱ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበትም የሚተነው በመጋጠሚያው በኩል ነው። መጋጠሚያው ሲያልቅ ተጠርጎ እንደገና ይሞላል፣ ድንጋዩ ግን ይተርፋል። በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ አብሮት የመጣው ጨው እዚያው ይረጋል፣ ብርድ በሚበረታበት አገርም ውሃው በረዶ ይሆናል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የድንጋዩ ገጽ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶውን ለማውጣት መቆፈር ራሱ ድንጋዩን ይሰብራል።

ጠንካራ የሚመስል ጥገና ምን ሊያመጣ እንደሚችል በአቴንስ አክሮፖሊስ ታይቷል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መሐንዲሱ ኒኮላዎስ ባላኖስ እዚያ ያለውን የጥንቱን የፓርተኖን ቤተ መቅደስ እብነ በረድ በብረት ማያያዣዎች አጠናክሮት ነበር፤ ብረቱ ዝጎ ሲያብጥ እብነ በረዱን ሰንጥቆታል፣ የኋላ ባለሙያዎችም ብረቱን እያወጡ በቲታኒየም ተክተዋል። ስለዚህ ለተቋራጩ ኖራ በዝግታ ከአየር ጋር እየተዋሐደ የሚጠነክር መሆኑን፣ ከኃይለኛ ፀሐይና ከውርጭም መከለል እንዳለበት አስቀድመው ያስረዱት፤ ይህንን ሥራ የማያውቅ ከሆነ የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጉ። ለመርማሪው ደግሞ ነባሩን ማያያዣ አስመርምረው፣ ከእሱ ጋር የተመሳሰለ የናሙና ግድግዳ ሠርተው ያሳዩ።

ጥያቄ፦ መስኮቶቹ ነፋስ ያስገባሉ። በአዲስ ባለ ሁለት መስታወት ልቀይራቸው?

መልስ፦ ይህ ከሁሉ በላይ የሚከለከለው ጥያቄ ይመስለኛል። የበሰበሰውን የእንጨት ጫፍ ብቻ ቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት መቀጠል፣ ክፍተቱን መድፈን፣ ከዚያም በውስጥ በኩል ሊነሣ የሚችል ሁለተኛ መስኮት መግጠም ነፋሱንም ድምፁንም በእጅጉ ይቀንሳል፤ ፈቃዱም ይበልጥ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ቤቱ ቀድሞ የተጠረበ የእንጨት በረንዳ ነበረው ይሉ ነበር። መልሼ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ማስረጃዎ ትዝታ ብቻ ከሆነ ፈቃድ ማግኘትዎን እጠራጠራለሁ። ስለ ቅርስ ጥበቃና እድሳት እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ በአንቀጽ 9 እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ላይ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል፤ መርማሪዎችም ይህንን አንቀጽ ይወዱታል። አሮጌ ፎቶግራፍ፣ በግድግዳው ላይ የቀሩ የወራጅ ቀዳዳዎች ወይም የቀድሞ ፕላን ካገኙ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ጣሪያው አሁን እያፈሰሰ ነው፤ ፈቃዱን መጠበቅ አልችልም።

መልስ፦ ነባሩን ሳይነቅሉ በሸራ ወይም በጊዜያዊ ቆርቆሮ ይሸፍኑት፣ ፎቶ ያንሡ፣ የሠሩትንም በዚያው ቀን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኗል። ይግባኝ ልበል ወይስ ላሻሽለው?

መልስ፦ የውሳኔውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁና ነጥብ በነጥብ ይዩት። መርማሪው የተቃወመው አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ መንገድ የሚታየውን ተጨማሪ ፎቅ ብቻ ከሆነ፣ ያንን ወደ ጓሮ አዙሮ እንደገና ማቅረብ ከይግባኝ ይፈጥናል። ይግባኝ የሚያዋጣው ኮሚቴው የራሱን ደንብ ሲተላለፍ ወይም ያቀረቡትን ማስረጃ ጨርሶ ሳይመለከት ሲቀር ነው፤ የውበት ምርጫ ላይ ተመሥርቶ የሚቀርብ ይግባኝ ሲረታ ያየሁት እምብዛም ነው።

ጥያቄ፦ ፈቃድ አግኝቼ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ልስኑ ሲነሣ ያልታወቀ የግድግዳ ሥዕል ወጣ። ሥራው በፈቃዱ መሠረት ስለሆነ መቀጠል እችላለሁ?

መልስ፦ በዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥራ ያቁሙ፤ የተሰጠዎት ፈቃድ የሚሸፍነው በማመልከቻው የተገለጸውን ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ በማመልከቻው ውስጥ አልነበረም። ፎቶ አንሥተው ለመርማሪው ያሳውቁ፣ ለዚያ ክፍል ብቻም የማሻሻያ ጥያቄ ያቅርቡ፤ የቀረው የቤቱ ክፍል ሥራ እንዲቀጥል በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ። ከተቋራጩ ጋር የሚፈራረሙት ውልም እንዲህ ያለ ግኝት ሲያጋጥም የሚቆመው የሥራ ክፍል የቱ እንደሆነና የመዘግየቱን ወጪ ማን እንደሚሸከም የሚወስን አንቀጽ ይኑረው።